ጥያቄ ይዞ የመጣ ጠያቂ

ስሜ ስንቅነሽ ነው። ይህ ስም ደባርቅ ማረሚያ ቤት በር ላይ ምን ያህል እንዳስቸገረኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

«ስም?» አለችኝ መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ሃና፣ ሴት ጠያቂዎችን የምትፈትሸዋ ፖሊስ።

«ስንቅነሽ።»

«ስንቁንማ አየሁት። ስምሽን ነው ያልኩሽ።»

«ስሜ ነው እኮ!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ባሏ የታሰረባት ሴት ምን ያስቃታል? ሃና ግን ከዚያ ወዲህ ገና ከሩቅ ስታየኝ «ስንቅ መጣች!» ማለት ለመደች። ቆይቶ እኔም ለመድኩት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ብቻ በደንብ ነገር ቀልድ አታውቅም። ደንቡ ምግብ ይዞ የመጣ ሰው ከምግቡ ቆርሶ እፊቷ እንዲቀምስ ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር «ቅመሽ» ስትለኝ፣ «ባሌን መርዝ ማብላት ብፈልግ ቤቱ እያለ አልመቸኝም ነበር?» እላታለሁ፤ እሷም በቁም ነገር «ቢሆንም ቅመሽ» ትለኛለች።

ባሌ ሻረው በቅሎ ጫኝ ነው። ዳሚት የምትባል አንድ በቅሎ አለችን፤ በእሷ ጭኖ የአገር ጎብኚ ዕቃ ተራራው ላይ ወዳለው ሳንቃ በርና ከዚያ ወዲያ ያደርሳል። ሥራው በተራ ነው። ዱሮ እንግዳው ሲጎርፍ ተራ ቢያልፍህም ነገ ይደርስሃል ነበር፤ አሁን እንግዳው ስለሳሳ ተራ ማለት እንጀራ ሆነ። አንድ ቀን ሳንቃ በር ላይ እሱና ያርጋል የሚባል የሥራ ጓደኛው «ተራዬ ነው»፣ «የለም ተራዬ ነው» ተባባሉ። ተራ አስከባሪው ለቅሶ ሄዶ ስለነበር አለሁ ብሎ የሚዳኝ አልነበረም። ሻረው ዱላውን አነሣ። የያርጋል ቀኝ ክንድ ተሰበረ።

ያርጋልን ዳባት፣ ክንዴ የሚባሉ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት፤ ሻረውን ፖሊስ ወሰደው። በኋላ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ወረደ ተባለ፤ ፍርድ ግን ፍርድ ነውና ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሻረው በዳኛም ፊት፣ በሽማግሌም ፊት አንድ ቃል ነው የተናገረው፦ መምታቴን አልክድም፣ ተራው ግን የእኔ ነበር። እኔም ይህንኑ ይዤ ቦኖ ውሃ ላይ ከያርጋል ሚስት ጋር ስንት ጊዜ ጀሪካን ለጀሪካን ተጋጨን። እሷ «ተራው የባሌ ነበር» ስትል፣ እኔ «የባሌ ነበር» ስል፣ ውሃው እስኪፈስ እንነታረካለን። ምላሴ አጭር አይደለም፤ አገር ያውቀዋል።

ማረሚያ ቤት ውስጥ እስረኛና ጠያቂ የሚተያዩት በሁለት አጥር መካከል ነው። ከወዲህ አጥር፣ ከወዲያ አጥር፣ መሀሉ ባዶ። ስለዚህ ነገር ሁሉ በጩኸት ነው፤ ምሥጢር የሚባል የለም። መጀመሪያ ሰሞን ዘመድ ጎረቤቱ እየተግተለተለ መጣ። «አይዞህ፣ ያልፋል!» ይላል አንዱ። «አይዞህ፣ እስር ቤት የወንድ ልጅ ቤት ነው!» ይላል ሌላው። «አይዞህ፣ ተበድለህ ነው የታሰርከው፣ እግዜር ያያል!» ይላል ሦስተኛው። ይህን የመጨረሻውን እኔም እለው ነበር። ሻረው አይዞህ በተባለ ቁጥር አንገቱ ወደ ታች ይሄዳል። ባጽናናነው ቁጥር ብሶበት፣ እንደ አጽናኝ ሳይሆን እንደ ከሳሽ ያየን ጀመር። ምሳ ዕቃው እንደሄደ ሙሉውን ይመለሳል። ሽሮ ብልክ፣ ዶሮ ብልክ፣ አይነካውም። ከስቶ ሸሚዙ ውስጥ የጠፋ መሰለኝና ፈራሁ። ሰው እኮ እንዲህ ሆኖ ነው የሚሞተው።

አንድ እሑድ ጭራሽ «ከእንግዲህ አትምጭ» አለኝ። «ዳሚትንም ሽጫት።»

ንዴቴ መጣ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ወርጄ፣ ከከተማው ጫፍ በባጃጅ ተንገጫግጬ፣ አትምጭ!

«ማን ይገዛታል?» ብዬ ጮህኩበት። «ኮርቻ አላስጭን ብላ እየረገጠች ነው!»

አስቤበት አልነበረም፤ እውነቱ ስለሆነ ወጣኝ። ሻረው ግን ከወዲያ ማዶ ቀና አለ።

«በየት በኩል ነው የምትጠጊያት?»

«በቀኝ።»

«በቀኝ! ጅብ የያዛት በቀኟ አይደለም እንዴ! አንች ሴት፣ በግራ ቅረቢያት። መጀመሪያ አንገቷን እከኪላት። ጠፍሩን ደግሞ ባንዴ አታጥብቂው፣ ሆዷን ነፍታ ታታልልሻለች። ዝም ብለሽ ቁሚ፤ ሲሰለቻት ትንፋሿን ትለቃለች፣ ያኔ ሳብ!» እያለ በሁለት እጁ አየሩን ጠፍር አድርጎ ሳበው። አጠገቡ የቆመውን እስረኛ በክርኑ ሊደፋው ነበር።

የዚያን ዕለት ምሳ ዕቃው ግማሹ ተበልቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው እሑድ ገና አጥሩ ጋ ሳልደርስ «እሽ አለች ወይ?» ብሎ ጮኸ። እሽ ብላ ነበር፤ ሆዷን ነፍታ ልታታልለኝ ስትሞክር እኔም እንደ እሷ ዝም ብዬ ቆሜ አሸነፍኳት። ይህን ስነግረው ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ሳቅ አልለውም፤ የሳቅ ታናሽ ወንድም በለው።

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ለብቻዬ እየሳቅኩ ሄድኩ። ለካ ጠያቂ የሚባለው የሚጠይቅ ሰው ኖሯል! ቃሉ አፋችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እኛ ስንመክርና ስናጽናና ከረምን። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሳልይዝ ወርጄ አላውቅም። የጎተራው ጣራ በየት በኩል ነው የሚያፈስ? ከሁለቱ በጎች የትኛዋን ለዘር ላስቀር? አጥሩን የወዲያኛው ጎረቤት ገፋው ወይስ ድሮም እዚያ ነበር? ጎረቤቶቻችንም ነገሩን ሲሰሙ ጥያቄ እያሸከሙ ይልኩኝ ጀመር። በቅሎ ስታስል ምን ይደረጋል፣ ጠፍር ሲበጠስ እንዴት ይቀጠላል። እሱ መልስ ይሰጣል፣ እኔ ተሸክሜ እመለሳለሁ። እስረኞቹ ሳይቀሩ «ሻረው፣ ጥያቄህ መጣች!» ይሉት ጀመር። ስሜ በአንድ በር ስንቅ፣ በሌላው በር ጥያቄ ሆነ። ከማዳበሪያ ከረጢት ክር እየመዘዘ ለዳሚት መሳቢያ አፍሳር ገምዶ ላከላት፤ አዲስ ሆኖ ሲያምር! ምሳ ዕቃውም ተጠርጎ መመለስ ጀመረ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እሱ ቤቱ እያለ እንዲህ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ሁሉን ያበላሹት አያ እንግዳው ናቸው።

አያ እንግዳው የቅርብ ጎረቤታችን ናቸው። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ነውር አለባቸው፦ ዝምታ አይችሉም። ሰው ዝም ሲል ካዩ የሞተ ይመስላቸዋል። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጣራው ተጠግኖ፣ በጓ ወልዳ፣ ቤቱ ሁሉ ልክ በሆነበት ሰሞን አንድ እሑድ አብረን ወረድን። ያን ዕለት ጥያቄ አልቆብኝ ነበር። «ደኅና ነህ?» አልኩት። «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነሽ?» አለ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ሻረው በአጥሩ ሽቦ በኩል ያየኛል፣ ይጠብቃል፤ እኔ አንጎሌን እየቧጠጥኩ ነው። አንገቱ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ሲል አየሁት።

አያ እንግዳውም አዩት። «ዳሚት ታነክሳለች!» ብለው ጮኹ።

እኔ ክው አልኩ። ሻረው አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። «የትኛው እግሯ ነው?»

አያ እንግዳው የገዛ እጃቸውን አዩ። «ግራ! የፊቱ!»

«አብጧል?»

«በጣም እንጂ!» ብለው በሁለት እጃቸው የእብጠቱን ልክ አሳዩት። ዝሆን እንኳ እንዲያ አያብጥም። እኔ አፌን ስከፍት ሰዓት አለቀ ተባለና አስወጡን። ሻረው ከኋላ «ውሃ ውስጥ አቁሟት! አትጫኗት!» እያለ ይጮሃል።

«ምን ነክቶዎት ነው?» አልኳቸው መንገድ ላይ። አንቱታውን ትቼ አንተ ልላቸው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ልጄ» አሉኝ። «ሲያቀረቅር ጊዜ አንጀቴ አልቻለም። ምናለ፣ በሚመጣው እሑድ ዳነች ትይዋለሽ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የአያ እንግዳው ግን ራሳቸውም ተመልጦ፣ አፋቸውም አምልጦ ያለቀ ነው። እኔም ተሳስቼ እሽ አልኩ፤ ለአንድ ሳምንት ውሸት ምን ይሆናል ብዬ።

በሳምንቱ መሀል ጠዋት ከበሩ ላይ «እነ ሻረው ቤት!» የሚል ድምፅ አገሩን አናጋው። ወጌሻው ክንዴ ናቸው፣ ከዳባት። ጆሯቸው ስለደከመ ሰውን ሁሉ ደንቆሮ አድርገው ነው የሚያናግሩ። በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በእሳት አግለው ሕመም የሚተኩሱበት ብረት ይዘዋል።

«ሻረው ልኮብኛል!» አሉ። «ተፈትቶ የወጣ የዳባት ልጅ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። በቅሎዬ ልትቀር ነው፣ ድረስላት፣ ተኩሳት ብሎሃል አለኝ። እንቅልፍም አጥቷል አሉ። እሳት አንድጅልኝ!»

እንቅልፍ አጥቷል ሲሉ እሳቱን ትቼ እፊታቸው ቆምኩ። «አልታመመችም!» አልኩ።

«እ?»

«አልታመመችም!»

«አዎ፣ ታማለች አሉኝ» አሉና ራሳቸው እሳቱን አነደዱት። አያ እንግዳው ጭሱን አይተው መጡ፤ ብረቱ ሲቀላ አይተው ተመልሰው ሊሄዱ ሲሉ ነጠላቸውን ያዝኩ። ክንዴ ዳሚትን ተጠጉ። ግራ እግሯን ከትከሻዋ ጀምረው እስከ ኮቴዋ በጣታቸው ወረዱበት፣ አጠፉት፣ ዘረጉት። ዳሚት በትዕግሥት አየቻቸው። ከዚያ ጤነኛ ነኝ ለማለት ያህል ዞር ብላ በኋላ እግሯ እሳቱን ከነፍሙ በተነችው፤ አንዱ ፍም የአያ እንግዳውን ቁምጣ ለከፈው። እሳቸው ሲዘሉ ያየ፣ የእሳቸውን እግር ያነክሳል አይልም።

«ይህች አነከሰች ካላችሁ እኔ መነኩሴ ነኝ!» አሉ ክንዴ።

በጩኸት፣ በምልክትም ጭምር ሁሉን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አልሳቁም። «እሑድ እሄዳለሁ» አሉ። «ልኮብኛል፤ ያየሁትን እነግረዋለሁ። ወጌሻ ከዋሸ ሰው ሽባ ያደርጋል።»

እስከ እሑድ በፍርሃት ሰነበትኩ። የፈራሁት ቁጣውን አልነበረም። ሻረው ሁሉም ጥያቄ እንዲህ ነበር ብሎ ቢያስብስ? ጣራውም፣ በጓም፣ ኮርቻውም፣ ልጅ እንደሚያባብሉ ሲያባብሉኝ ነው የከረሙት ቢልስ? ያኔ አንገቱ ሲወርድ ዳግም የሚያቀናው ጥያቄ ከየት አመጣለሁ? ውሸቱን ከእኔ አፍ ነው መስማት ያለበት ብዬ ወሰንኩ።

እሑድ ከአያ እንግዳው ጋር በሩ ጋ ስንደርስ ክንዴ ቀድመውን ቆመዋል። ከኋላቸው ያርጋል አለ።

ደሜ ፈላ። «ይህ ደግሞ ምን ሊሆን መጣ?» አልኩ።

«ክንዱን ላየው ቤቱ ገብቼ የበቅሎዋን ነገር አጫወትኩት» አሉ ክንዴ። «ሲስቅ ቆየና፣ እኔም ጥያቄ አለኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ አለኝ።»

ያርጋል መሬት መሬቱን ያያል፤ እኔ ሌላ ሌላውን አያለሁ። ተራችን ደርሶ ሃና «መታወቂያ» ስትለኝ ከነጠላዬ ጫፍ ለመፍታት ምሳ ዕቃውን ሳላይ አጠገቤ ላለው ሰው ሰጠሁት። መታወቂያዬን ፈትቼ ቀና ስል ምሳ ዕቃው በያርጋል እጅ ነው።

«ያዥው ይቅመስ» አለች ሃና።

«እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ…»

«የያዘው ይቅመስ። ደንብ ነው።»

ያርጋል እኔን አየኝ። ከዚያ በዚያው በተሰበረው ቀኝ እጁ ቆረሰ፣ አጠቀሰ፣ ጎረሰ። አያ እንግዳው አማተቡ። ሃና የከተማ ልጅ ናት፤ ባለደምን ከባለደሙ ማዕድ ማስቆረሷን አላወቀችም። ክዳኑን ገጥማ «እለፉ» አለችን።

ሻረው ከአጥሩ ወዲያ ሲጠብቀኝ ዓይኑ ጎድጉዷል። «ተተኮሰች?» አለ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«አልታመመችም» አልኩት። «ቀድሞም አልታመመችም። ጥያቄ ሲጠፋን ጊዜ አያ እንግዳው ፈጠሩት። እኔም ዝም አልኩ።»

ክንዴም «እግሯ እንደ ብረት ነው!» ብለው አረጋገጡ።

ያ የፈራሁት አንገቱ ሲወርድ አየሁት።

«ጣራውስ?» አለ። «በጓስ? ኮርቻውስ?»

«እሱ ሁሉ እውነት ነው! እናቴን!»

«እንዴት ብዬ ልመን?»

እኔ ስንቅነሽ፣ መልስ አጣሁ። አያ እንግዳው እንኳ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ያርጋል ከኋላዬ ወደ አጥሩ ጠጋ አለ። ሻረው ሲያየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«የእኔን ጥያቄ ማንም የፈጠረው አይደለም» አለ ያርጋል። «ከአንተ በቀር የሚመልስልኝም የለም። ያን ቀን ተራው የማን ነበር?»

አጠገባችን የነበሩት ጠያቂዎች ጩኸታቸውን አቆሙ። ሻረው የአጥሩን ሽቦ ያዘ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ግን ከመሀሉ ባዶ አላለፈም።

«ምን አለ?» አሉ ክንዴ እጃቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው። «አልሰማሁም! ጮክ በል!»

ሻረው ዓይኑን ጨፈነ። «ያንተ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ተራው የያርጋል ነበር! እያወቅኩ ነው የዋሸሁት!»

ግቢው ሁሉ ሰማ። ቦኖ ላይ ያልኩት ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ፊቴን መታኝ፤ አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። «ተበድለህ ነው የታሰርከው» ስንለው አንገቱ ለምን ይወርድ እንደነበር። እሱ የሚያውቀውን እኛ ሳናውቅ፣ ባጽናናነው ቁጥር ውሸቱን ሸክም አድርገን እንጨምርለት ኖሯል። አዝኜም፣ ቀሎኝም አለቀስኩ።

ያርጋል ግን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ይኸው ነው» አለ። «አውቀው ነበር። ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሻረው ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ጠያቂ ሆነ። «ክንድህስ እንዴት ነው?»

«ክንዴ ደኅና ነው» አለ ያርጋል።

«ደኅና ነኝ!» አሉ ወጌሻው ስማቸውን ብቻ ሰምተው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወገቤን ብቻ ያመኛል!»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሻረው ግን አጥሩን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሳቁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ያርጋል ዳነ የተባለውን ክንዱን ይዞ ሳቀ፤ አያ እንግዳው ዝምታ በማለፉ እግዜርን እያመሰገኑ ሳቁ። ክንዴ «ምን አልኩ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

«ስትወጣ መጀመሪያ የሚመጣው ተራ ያንተ ነው» አለው ያርጋል።

«አይሆንም። ያንተን መጀመሪያ መልሼ ነው።»

«ያንተ ነው አልኩህ!»

«የለም፣ ያንተ ነው!»

«ኧረ በናታችሁ» አለች ሃና ከኋላ መጥታ። «ተራ ተራ ስትሉ ተራችሁ አለቀ። ውጡ!» ቀልድ አታውቅም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ልንወጣ ዞር ስንል ሻረው ጠራኝ።

«ስንቅነሽ!»

«አቤት!»

«በሚመጣው እሑድ ጥያቄ ባይኖርሽም ነይ።»

እመጣለሁ አልኩት። ለነገሩ ጥያቄ መቼ ይጠፋል? ቦኖ ላይ ለያርጋል ሚስት ምን እንደምላት ገና አልጠየቅኩትም።